ዋርካው ስር ስንቆም

ባለቤቴ በራችን ላይ ጥሩንባ ነፍቶ አያውቅም። ቤታችን ጎንደር፣ ከአዲስ ዓለም ሰፈር ሽቅብ በሚወጣው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ማኪናችን ከታች ካለው መታጠፊያ ስትደርስ እሱ ማርሽ ይቀይራል፤ ሞተሯም ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ አሮጊት አንዴ ታጉረመርማለች። ያን ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ። እሱ ሲደርስ የቆርቆሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ አንዱን ጆሮዋን ማኪናው ላይ ነው የገጠመችው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ነጭ ስቴሽን ናት። ነጭነቷ የድሮ ነው፤ ባለቤቴ ሲገዛትም ከሁለት ሰው እጅ ወጥታ ነው። በየገበያው ቀን ከኋላዋ ሻሽ፣ ሽርጥና የቀሚስ ጨርቅ ጭነን ቆላ ድባ እንወርዳለን፤ ስንመለስ ነጭ ሽንኩርትና ሽምብራ እንጭናለን። የነጭ ሽንኩርቱ ጠረን የወንበሩ ስፖንጅ ድረስ ገብቷል። ልጃችን ተማሪ እያለች ጓደኞቿ እንዳይሸታቸው «ከሩቅ አውርዱኝ» ትለን ነበር።

መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ደምቢያ ሜዳ ላይ። አቀበት የለ፣ ቁልቁለት የለ። «እዚህ ብትስቺ የምትገቢው ጤፍ ውስጥ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ለስላሳ ነው» ይለኛል። ዕድሜዬ አርባን አልፎ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁ ቀን ከእኔ ይልቅ እሱ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። አንድ ነገር ብቻ አልፈቀደልኝም፤ ኮፈኗን መክፈት። «መሪው ያንቺ፣ ከኮፈኑ በታች ያለው የኔ» አለኝ። አልከፋኝም። የቤታችንም ነገር እንዲሁ የተከፋፈለ ነበር፤ ወጥ ቤቱ የኔ፣ ጣሪያው የእሱ።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ተናግሬ ነበር፤ ባልተናገርኩት እላለሁ አሁን። የወንድሜ ታክሲ የሞተር ዘይት መጠጣት ጀምራ፣ እሱም ዛሬ አሠራታለሁ ነገ አሠራታለሁ ሲል መንገድ ላይ ቀረች። ሥራውም አብሮ ቀረ፤ ጤናውም ብዙ አልቆየ። ያን አይቼ ስለነበር ባለቤቴን «ይቺ ማኪና ዘይት መጠጣት የጀመረች ቀን ትሸጣለች» አልኩት።

«ወላሂ?» አለኝ።

«ወላሂ።»

ሳቀ።

ከአዘዞ አልፎ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ከገበያ ስንመለስ የቀትሩን የዙህር ሰላት የምንሰግደው እዚያ ነው። እሱ ማኪናዋን ከዋርካው ስር ያቆማል። ከኋላ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች አሉ፤ አንዱን አውርዶ ለሰላት የምታጠብበትን የውዱእ ውሃ ያፈስልኛል። ሌላው በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ምን እንደሆነ አንድ ቀን ስጠይቀው «ለራዲያተር ውሃ ነው» አለኝ፤ ደግሜ አልጠየቅሁም። መንገደኛ እንዳያየኝ መስገጃዬን ይዤ ከቁጥቋጦው ወዲያ እሄዳለሁ። ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ስዞር ጀርባዬ ለማኪናዋ ነው። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ዕቃውን ልጠብቅ» ይለኛል። ጨርሼ ስመለስ እጁን በአፈር እያሸ አገኘዋለሁ።

«ምነው አንተ፣ ለሰላት እየተዘጋጀህ አፈር ትነካለህ?»

«ጎማ እያየሁ ነበር» ይልና ውዱእ ያደርጋል። ከዚያ እሱ ይሰግዳል፣ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት ተመልሶ ጫማውን ሳያወልቅ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ትንሽ ደከመኝ» አለ። ውሃ ይዤ ስመለስ ሄዷል። አላህ ይርሐመው። የዚያን ቀን ቀሪውን አልጽፈውም።

ባሏ የሞተባት ሴት በእኛ ደንብ አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ ትቀመጣለች፤ ለግድ ጉዳይ ካልሆነ ከቤቷ አትወጣም። ማኪናዋም ሸራ ለብሳ ግቢው ውስጥ አብራኝ ኢዳ ተቀመጠች። ልጄ አልፎ አልፎ ከባሏ ቤት እየመጣች ባትሪው እንዳይሞት ሞተሯን ታስነሳልኛለች። አንድ ቀን ተኝቼ ድምፁን ሰማሁና ተነሥቼ በሩን ልከፍት ወጣሁ። እጄ መወርወሪያው ላይ ካረፈ በኋላ ነው የነቃሁት። ልጄ ከማኪናዋ ውስጥ ሆና አላየችኝም። ተመልሼ ተኛሁ።

ኢዳዬ ሊያልቅ ሲል እኔን ለማስደሰት ብላ ማኪናዋን ከውስጥም ከውጭም አጠበችልኝ። ከኋላ የተከማቸውን ሁሉ አውጥታ ጣለች፤ ያረጀ ገመድ፣ የሽንኩርት ገለባ፣ ያን በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን፣ ለማፍሰሻ የተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ። «እማ፣ አባ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጉድ ለምን ይሰበስባል?» እያለች አፍንጫዋን ይዛ ታወጣዋለች። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። እሱ ከሞተ ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው።

መንገዱ አንዳንድ ሳምንት ይዘጋል፤ ሲከፈት ቆላ ድባ ወረድኩ። ብቻዬን። ጨርቄን ሸጬ ሽንኩርቴን ጭኜ ስመለስ ዋርካው ስር አቆምኩ፣ እሱ ያደርግ እንደነበረው። ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ከዚያ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ በእግሬ መታ መታ አደረግኋቸው። የእሱን ሥራ ሁሉ የሠራሁ መሰለኝ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ።

በአራተኛው፣ ከዋርካው ተነሥቼ አዘዞ ሳልደርስ፣ ማኪናዋ ከውስጥ ማንኳኳት ጀመረች። ከመሪው ጀርባ አንዲት ትንሽ መብራት አለች፤ ባለቤቴ ጥቁር ፕላስተር ለጥፎባታል። «የተበላሸችው መብራቷ ናት፤ ዓይን ታደክማለች» ብሎኝ ነበር። ማንኳኳቱን ስሰማ ዓይኔ ፕላስተሩ ላይ ሄደ፤ በጠርዙ ቀይ ብርሃን ይታያል። ልነቅለው አሰብኩና ተውኩት። እሱ የለጠፈውን ነገር መንቀል ያኔ አልቻልኩም። ትንሽ እንደሄድኩ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። አንድ የጭነት ማኪና በገመድ ጎትቶ ጎንደር አስገባኝ።

መካኒካችን የደምቢያ ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ፣ ማተባቸው በዘይት የጠቆረ። አያ እላቸዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር የሚተዋወቁት እኔን ሳያገባ ነው፤ ለቅሶው ላይም ከዘመዶቻችን እኩል ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ ሰንብተዋል። ኮፈኑን ከፈቱና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው በጨርቅ ጠረጉት። መልሰው ከተቱ፤ እንደገና መዘዙ። ወደ ብርሃን አዞሩት።

«እቴ፣ ዘይት የጨመርሽላት መቼ ነው?»

«የምን ዘይት አያ?»

ዘንጉን እንደያዙ ቆሙ። «ባለቤትሽ አልነገረሽም?»

«ምኑን?»

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ፤ እኔንም ተቀመጪ አሉኝ። «ይቺ ማኪና ዘይት መጠጣት ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። ሞተሩ ይውረድና ይታይ አልኩት። ‹ከወረደ ትሰማለች፤ ከሰማች ትሸጣለች፤ ምላለች› አለኝ። ቆላ ድባ ደርሳ ስትመለስ አንድ ሊትር ትፈልጋለች። በየጉዞው አንድ ሊትር። ‹እሷ ስትሰግድ እኔ አጠጣታለሁ› ይለኝና ይስቃል።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«ብቻዋን መንዳት ስትጀምር እነግራታለሁ ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ የነገረሽ መሰለኝ። ስንት ጊዜ ነው ብቻሽን የወረድሽ?»

«አራት።»

«የምትይዘውም አራት ሊትር ገደማ ነው» አሉና ዓይናቸውን ከእኔ አነሡ። «ዘይቱን የሚይዝበት ጀሪካን ነበረው እኮ፣ በጥቁር ጨርቅ የጠቀለለው። የት ገባ?» አሉኝ።

ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ስታወጣው ታየችኝ።

«ጠፋ» አልኩ።

አያ እውነቱን ነገሩኝ። ፒስተኑ ደርቆ ተጣብቋል፤ ይህ ሞተር ከእንግዲህ አይነሣም። ያገለገለ ሌላ ሞተር ፈልጎ ማስገባት ይቻላል፤ ይገኛል። ማስገባቱ ይሻላል ወይስ ማኪናዋን እንዲሁ መሸጥ የሚለውን ግን አልፈርድም አሉ። ወለሏን ዝገት በልቶታል፤ በሮቿ ዝናብ ያስገባሉ። «ለአሮጊት አዲስ ጥርስ እንደመትከል ነው እቴ። ትበላበታለች፤ መንጋጋው ግን ያው የድሮው ነው። አስቢበት።»

ቤቴ እስክደርስ ያሰብኩት ስለ ሞተር አልነበረም። ተናድጄ ነበር። ሦስት ዓመት እዚያ ቁጥቋጦ ጀርባ ተደፍቼ አላህ ሆይ መንገዳችንን አደራ ስል፣ እሱ ከኋላዬ ዘይት ይቀዳል። ስመለስ ደግሞ ጎማ ይለኛል። ብነግርሽ ትሸጫታለሽ ብሎ ሊሞግተኝ ይችል ነበር፤ እኔም መሐላዬን በጾም አስፈታ ነበር። መሐላ ይፈታል። ይህን እሱ ከእኔ በተሻለ ያውቃል። አልሞገተኝም። የሞተን ሰው ተቆጥቶ የት እንደሚደረስ አላውቅም፤ እኔ ግን ያን ምሽት ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።

በማግስቱ ልጄ መጣች።

«እማ፣ ለቁራሌው ስጫትና ተገላገይ። ሲከፈት ሲዘጋ ለሚውል መንገድ ሞተር ልትገዢ ነው? በሚኒባስ ትወርጃለሽ።»

«ጨርቁንስ?»

«ጣሪያ ላይ ይጫናል። ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚሠራው?»

«የአባትሽ ማኪና ናት።»

«አባ እዚያ ብረት ውስጥ የለም እማ።» ይህን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። እሷም እንደ እኔ አላረፈችም። ፊቱ የዞረውን ፎቶ አይታ መልሳ አቃናችው። ከዚያ እንዲሁ፣ እንደ ዋዛ፣ «ግን ያን ያህል አጥቤ አጽድቼ ሰጥቼሽ ምን ነካት?» አለችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ወጣት ናት፤ ገና ብዙ ዓመት አባቷን ታስባለች። ባሰበችው ቁጥር ያን ጀሪካን አብራ እንድታስበው ነው?

«አርጅታ ነው» አልኳት።

መደበቅ እንዲህ እንደሚጀመር አላውቅም ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ትቀላለች። በባለቤቴ ላይ የያዝኩት ንዴት እዚያው ልጄ ፊት ከእጄ ወጣ፤ ንዴቱ ሲወጣ ደግሞ የቀረልኝ ሐዘኑ ብቻ ሆነ፤ ይሄኛው ይብሳል።

አያ ቁርጥ መልስ ይጠብቃሉ፤ እኔ መወሰን አቃተኝ። አንድ ቀን አስገባለሁ እላለሁ፣ በማግስቱ ለማን ብዬ እላለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት በሚኒባስ ተሳፈርኩና ዋርካው ጋ ስንደርስ ወራጅ አለ አልኩ።

ሹፌሩ በመስተዋት አየኝ። «ማዘር፣ እዚህ ቤት የለም እኮ።»

«የኔ አለ» አልኩት።

ማኪናዋ አፍንጫዋን ታሳርፍበት የነበረው ቦታ መሬቱ ጥቁር ነው። የሰፌድ ያህል ይሰፋል፤ ሣር አልበቀለበትም። ሦስት ዓመት ሳየው እረኛ እሳት ያነደደበት ይመስለኝ ነበር። በዋርካው ሥሮች መሃል አንድ የተወሸቀ ነገር አየሁና ሳብኩት። ከምንሸጠው የተረፈ የአረንጓዴ ሻሽ ቁራጭ ነው፤ በዘይት ደርቆ እንደ ቆዳ ሆኗል። እጁን የሚጠርግበት። ቀሪውን ደግሞ በአፈር።

እሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆምኩና እኔ የምሰግድበትን ቦታ አየሁት። ቅርብ ነው፤ ቁጥቋጦው የሚከልለው ከመንገዱ በኩል እንጂ ከዚህ አይደለም። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከዚህ ሆኖ ጀርባዬን ያየው ነበር፤ ስንት ረክዓ እንደቀረኝ እየቆጠረ፣ እየተቻኮለ፣ ዘይቱን እያፈሰሰ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብል አየው ነበር። ሰላት ላይ ያለ ሰው ግን አይዞርም። ይህን አውቆ ነው ያንን ሰዓት የመረጠው።

እዚያ ጥቁር መሬት አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። በቀብሩም ቀን እንደዚያ አላለቀስኩም። ያን ሞተር ሦስት ዓመት በነፍስ ያቆየው እሱ ነው፤ በአራት ጉዞ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ማኪናዋን አሁን ከሸጥኳት በእጄ ያደረግሁላት የመጨረሻ ነገር ይህ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ፣ እዚህ ቆሜ እንደ እሱ ላጠጣት አማረኝ። የወሰንኩት በዚህ ነው። በዝገቱም በወጪውም በሚኒባሱም አልነበረም። ለልጄ ግን «ሽንኩርት በሚኒባስ ጣሪያ ይረግፋል» አልኳት።

«ይግባ» አልኳቸው ለአያ።

«ቆረጥሽ?»

«ቆረጥኩ። ግን ከኮፈኑ በታች ያለውን ያስተምሩኝ።»

አስተማሩኝ። ዘይቱ የት እንደሚፈስ፣ ዘንጉ ላይ ሁለቱ ምልክቶች ምን እንደሚሉ፣ ውሃው የት እንደሚታይ። ቀላል ነው። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው ያሳዘነኝ። አሮጌውን ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥለው ሲያወጡት ቆሜ አየሁ፤ ትንሽ ነው፣ እዚያ አየር ላይ ሲወዛወዝ። ሊብሬው ላይ ከባለቤቴ ስም ስር የድሮው የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ የነበረችው ጸሐፊ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችውና አዲሱን ከጎኑ ጻፈች። ስሙን አልነካችውም።

ሥራው ያለቀ ቀን አያ ራሴ አመጣታለሁ አሉ። ከቀትር በኋላ በረንዳው ላይ ሻሽ እየቀደድኩ ነበር። አንድ ማኪና አቀበቱን ሲወጣ ሰማሁ፤ ድምፁ ልስልስ ያለ ነው፣ መታጠፊያውም ላይ አላጉረመረመም። የጎረቤት እንግዳ ነው ብዬ ቀና አላልኩም። በራችን ላይ ጥሩንባ ተነፋ። ማን ነው እዚህ የሚነፋው አልኩ በልቤ። ሁለተኛ ተነፋ። በሦስተኛው «እቴ፣ ተኝተሻል እንዴ?» የሚል የአያን ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ከፈትኩ። የራሴ ማኪና ናት፤ ነጭ፣ በሮቿ የዛጉ። ፕላስተሩን አያ ነቅለውታል። መብራቷ ቁልፉ ሲዞር ቦግ አለችና ጠፋች፤ ጤነኛ ነበረች።

በቀጣዩ ገበያ ልጄ አብሬሽ ልሂድ አለችኝ። ስንመለስ ዋርካው ስር አቆምኩ። ከኋላ ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች ነበሩ፤ አንደኛውን በአዲስ ጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው እማ? አንቺም እንደ አባ ጀመርሽ?»

«ለራዲያተር ውሃ ነው» አልኳት።

ለውዱእ አፈሰስኩላት። «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ዕቃውን ልጠብቅ።»

መስገጃውን ይዛ ከቁጥቋጦው ወዲያ ሄደች። እጆቿን አንሥታ «አላሁ አክበር» እስክትል ጠበቅሁና ኮፈኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ዘንጉን መዘዝኩ፣ ጠረግሁ፣ ከተትኩ፣ እንደገና መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ላይ ነው። ምንም አልጎደለም። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ አልጎደለም። ይህ ሞተር አይጠጣም።

ጀሪካኑን እንደታቀፍኩ ትንሽ ቆምኩ። ልጄ ለሱጁድ ግንባሯን መሬት አስነክታለች። መልሼ አስቀመጥኩት፣ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ከጥቁሩ መሬት አጠገብ አፈር አንሥቼ እጄን አሸሁ።